ስሙ ከጡሩንባው በፊት

ከሰበታ ወደ ተፍኪ በሚወስደው መንገድ በስተግራ፣ ትንሿን ወንዝ ተሻግሮ ባለው ሰፈር ሰው ሲሞት፣ የእድሩ ጡሩንባ ነፊ መጀመሪያ የሟቹን ስም ይጠራል። ጡሩንባውን የሚነፋው ከዚያ በኋላ ነው። ሌላ ቦታ እንዲህ አይደለም። ሌላ ቦታ ጡሩንባው ቀድሞ ይጮኻል፤ ሰው ከእንቅልፉ ይባንንና «ማን ይሆን?» እያለ ጆሮውን ያቆማል፤ ስሙ የሚመጣው ኋላ ነው። አዲስ የገባ ተከራይ ሁሉ ግር ይለዋል። «ነፊያችሁ ዞሮበት ነው እንዴ?» ብሎ የጠየቀም አለ። አልዞረበትም። ይህን ልማድ ያመጣው ተክሉ ነው፤ ያመጣውም ከገዛ ፍርሃቱ ጋር አንድ ዓመት ያህል ከታገለ በኋላ ነው።

ተክሉ ተወልዶ ያደገው አዲስ አበባ፣ ልደታ አካባቢ ነው። የቀበሌ ቤቱ ሲፈርስበት ከሚስቱ ከእልፍነሽ ጋር ወደ ሰበታ ወጥቶ ቤት ተከራየ። በወጣትነቱ ሚኒባስ ላይ ወያላ ነበር፤ ሃያ ዓመት ሙሉ «አየር ጤና፣ ዓለም ገና፣ ሰበታ!» ሲል ኖሯል። ወገቡ ሲደክም ከታክሲ ወርዶ የብሎኬት ማምረቻ ዘበኛ ሆነ። ጉሮሮው ግን አልደከመም ነበርና፣ የእድሩ ሊቀመንበር ኦቦ ደቻሳ አንድ ቀን በሩ ድረስ መጥተው «ይህን የመሰለ ድምፅ ብሎኬት ሲጠብቅ ሊቀር ነው?» አሉት። ጡሩንባውን የተረከበው እንደዚያ ነው።

የመጀመሪያ ቀን «ቀብር በስድስት ሰዓት! ኪዳነ ምሕረት! ኪዳነ ምሕረት!» እያለ በታክሲ ዜማ ሲጣራ፣ ለቅሶ ላይ መሳቅ ነውር ሆኖበት እድርተኛው ሁሉ አፉን በነጠላ ይዞ ነው የዋለው። ከዚያ በኋላ «አንድ ሰው የጎደለው!» እያሉ ይለክፉት ነበር። እሱም አይከፋውም። ሰፈሩ ቅይጥ ነው፤ ገሚሱ እንደ ኦቦ ደቻሳ ከቅድመ አያቱ ጀምሮ ጤፍና ሽንብራ ሲያርስ የኖረ፣ በቤቱ ኦሮምኛ በገበያው አማርኛ የሚናገር ገበሬ፣ ገሚሱ እንደ ተክሉ ከከተማ የተገፋ ነው። የእድሩ ጸሐፊ ሀሰኖ ደግሞ ባለሱቅ ነው፣ ሙስሊም ነው። ሞት ሲመጣ ሁሉም አንድ ድንኳን ውስጥ ይቀመጣል። ስለዚህ ተክሉ ስም የሚጠራው በሁለት ቋንቋ ነበር፤ ኦሮምኛውን ከተሳፋሪ ነው የለቀመው፣ አንዳንዱ ቃል ቢሰባበርበትም ገበሬዎቹ ይቅር ይሉታል።

አንዲት ስንፍና ግን ነበረችው። ደንቡ በየመታጠፊያው እየቆሙ መንፋትና ስም መጥራት ነው። እሱ ትንፋሹን ለመቆጠብ ሲል አንድ ጊዜ ጉብታው ላይ ወጥቶ በኃይል ይነፋል፤ ስሙን የሚጀምረው ግን ቁልቁለቱን ወርዶ ድልድዩ ጋ ሲደርስ ነው። በጡሩንባውና በስሙ መካከል ሩብ ሰዓት ያህል ያልፋል። ሰፈሩም ለምዶለት ነበር፤ በዚያች ሩብ ሰዓት ሴቱ ጥቁር ልብሱን ይፈልጋል፣ ወንዱ ፊቱን ይታጠባል። በደህና ጊዜ ሩብ ሰዓት ምንም አይደለችም።

ሁለት ሺህ ስምንት ታኅሣሥ ደህና ጊዜ አልነበረም። የማስተር ፕላኑ ነገር ሰበታን፣ ቡራዩንና ሱሉልታን አምሶ ነበር። አዲስ አበባ ልትሰፋ ነው፣ መሬታችን ሊሄድ ነው ብሎ ገበሬው ተቆጥቷል። ተማሪው መንገድ ወጥቷል፤ ጎማ ይነድዳል፣ ተኩስ ይሰማል፣ ወታደር በየድልድዩ ቆሟል። ተከራዩም «እኛንስ ምን ሊሉን ነው?» እያለ በጊዜ በሩን ይቀረቅራል። በዚያ ሳምንት አሮጊቷ እማማ ደጊቱ አረፉ፤ በጥይት አይደለም፣ በእርጅና ነው፣ አልጋቸው ላይ። ኦቦ ደቻሳ እንደ ወጉ «ንፋ» አሉት። ተክሉ በማለዳ ጉብታው ላይ ወጥቶ እንደ ልማዱ ነፋ፤ ስሙንም እንደ ልማዱ ለድልድዩ አቆየው።

ስም የሌለው ጡሩንባ በዚያ ሳምንት ሞት አልመሰለም። «መጡብን!» አለ አንዱ። ወጣቱ ዱላውን እያነሣ ወደ ድልድዩ ሮጠ። ድልድዩ ላይ የቆሙት ወታደሮች ደግሞ በጡሩንባ ተጠርቶ የሚሮጥባቸውን ሰው አዩ። ተክሉ ቁልቁለቱን ሳይጨርስ የተኮሱት አስለቃሽ ጭስ ዓይኑን አቃጠለው፤ ሰው በሰው ላይ እየወደቀ ይሸሻል። «ደጊቱ ናቸው! እማማ ደጊቱ ናቸው የሞቱት!» እያለ ጮኸ። ሃያ ዓመት ያልከዳው ጉሮሮ ያን ጠዋት ማንም አልሰማውም። ጡሩንባውን እንደ ጨበጠ ተያዘ።

ሦስት ቀን ታሰረ። የሚጠይቁት አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ «ማን ንፋ አለህ?» በመጀመሪያው ቀን «የእድር ጡሩንባ ነው» አለ። በሁለተኛው ቀን «ሰው ሞቶ ነው» አለ። በሦስተኛው ቀን የእግሩን መንቀጥቀጥ ማቆም ሲያቅተው «ኦቦ ደቻሳ ናቸው» አለ። ውሸት አልነበረም፤ ንፋ ያሉት እሳቸው ናቸው። እውነትም አልነበረም፤ የሚጠይቁት ስለ ቀብር እንዳልሆነ እያወቀ ነው የተናገረው። እሱ ተፈታ፣ ኦቦ ደቻሳ ገቡ። በጥር ማስተር ፕላኑ ቀርቷል ተባለ፤ ኦቦ ደቻሳ ግን አልተፈቱም።

ከዚያ ወዲያ ፍርሃት የተክሉን ቤት የራሱ አደረገው። ጫማውን ሳያወልቅ ይተኛል። የግቢው ቆርቆሮ በነፋስ ሲንኳኳ ደረቱ ላይ ድንጋይ የተጫነ ያህል ትንፋሽ ያጥረዋል፣ አፉ ይደርቃል። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባላል፤ ተክሉ ልጥም ሳይኖር ይበረግግ ነበር። የቤተ ክርስቲያን ደወል እንኳ ሲደወል ስለሚያስደነግጠው ቅዳሴ መሄድ ተወ። እልፍነሽ ዓይኑ ጡሩንባው ላይ ሲያርፍ ላብ እንደሚያጠምቀው ብታይ፣ አንድ ቀን ዘበኝነት በሄደበት ወስዳ የገብስ ጆንያ ውስጥ ቀበረችው። የት አደረግሽው ብሎ አልጠየቃትም።

ምክር ያልሰጠው ሰው አልነበረም። «እምነት ቢኖርህማ አትፈራም ነበር» የሚሉት ይበዙ ነበር። እንደዚህ የሚሉ ሰዎች ያናድዱኛል። ከመካከላቸው ሦስት ቀን አንድ ጥያቄ ሲጠየቅ የሰነበተ አንድም የለም። ተክሉ ግን አመናቸው። በፍርሃቱ ላይ ኀፍረት ጨመረበት፤ እግዚአብሔርም ፊቱን ያዞረበት መሰለው።

እድሩም ታመመ። ሞት በስልክና በሹክሹክታ ይነገር ጀመር። ግማሹ አይሰማም፣ የሰማውም «ጡሩንባ ሳይነፋ?» ብሎ ይቀራል። የካቲት ላይ አንድ ሽማግሌ ሲቀበሩ ቃሬዛውን የሚሸከመው ሰው ከማነሱ የተነሣ ኪዳነ ምሕረት እስኪደርሱ አራት ጊዜ መሬት አስቀምጠው አርፈዋል። ሀሰኖ ያን ቀን ሲመለስ የተክሉን አጥር ተደግፎ ቆመና «ሬሳ መንገድ ላይ ሲያርፍ አይቼ አላውቅም» አለው። ቢሰድበው ይሻል ነበር።

በዐቢይ ጾም አጋማሽ ተክሉ ወደ ንስሐ አባቱ፣ ወደ አባ ገብረየስ ሄደ። ደወሉ በማይደወልበት ሰዓት መርጦ ነው የሄደው። አባን ከቤተ ክርስቲያኑ ጓሮ ጥድ ሥር ተቀምጠው ጥላቸውን እየጠገኑ አገኛቸው።

«አባ፣ እምነት አጥቻለሁ» አለ።

«ማን ነገረህ?»

«ሰው ይላል። እኔም አውቀዋለሁ። ያመነ አይፈራም።»

አባ ጥላውን አስቀመጡት። «ጌታችን ሊይዙት በመጡባት ሌሊት፣ አትክልት ቦታው ውስጥ ምን አደረገ?»

«ጸለየ።»

«እንዴት ሆኖ?»

መልሱንም አባ ራሳቸው ሰጡ።

«ነፍሱ ተጨንቃ፣ ላቡ እየተንጠባጠበ ነዋ! ቢቻል ይህ ነገር ይለፈኝ ብሎ አባቱን ለመነ። ወዳጆቹን አትተኙብኝ አላቸው፣ ተኙበት። እሱን ፈሪ ትለዋለህ?»

«ኧረ ይቅር ይበለኝ!»

«እንግዲያ ራስህንም አትስደብ። ጭንቀት እሱም ያውቃታል። ተጨንቆ ሳለ ተነሥቶ ሄደ፤ እኛ የዳንነው በዚያ ነው።»

ተክሉ አለቀሰ። ሲያለቅስ በሩን ዘግቶበት የኖረው ነገር አብሮ ወጣ፦ በሦስተኛው ቀን የማንን ስም እንደ ተናገረ፣ ኦቦ ደቻሳ ለምን እንደ ታሰሩ። አባ ገብረየስ ይህን ሲሰሙ «ይኼኛው ከፍርሃት ያልፋል» አሉ። «የበደልከው ሰው አለ። ሲፈታ እግሩ ላይ ወድቀህ ራስህ ትነግረዋለህ። እኔ አልነግርልህም።»

«እሺ አባ። ቀኖናዬስ? ስግደት ይስጡኝ።»

«ስግደት ቤትህ ተዘግቶ ነው። አንተ የተዘጋ ቤት በዝቶብሃል። በየማለዳው ጡሩንባ ስትነፋ በምትሄድበት መንገድ ትሄዳለህ፣ ያለ ጡሩንባ። በየበሩ ትቆማለህ፤ ለዚያ ቤት አባታችን ሆይ ትደግማለህ፤ ከዚያ ወደሚቀጥለው ታልፋለህ።»

«በሀሰኖም በር?»

«አባታችን ብለህ አይደል የምትጀምረው? አባቴ አትልም።»

ሦስት መቶ ስግደት ይቀል ነበር። በመጀመሪያው ማለዳ ተክሉ የራሱ በር ላይ አባታችን ሆይ ብሎ ተመለሰ። በሁለተኛውም እንደዚሁ። በሳምንቱ የጎረቤቱ በር ደረሰ። ፍርሃቱ አልሄደም፤ አብሮት ይወጣል፣ አብሮት ይቆማል፣ ጸሎቱን አብሮት ይጨርሳል። ግን አንድ ነገር ልብ አለ፦ ለሰው እየጸለዩ ያንኑ ሰው መፍራት ይከብዳል። ትንሣኤ ሲደርስ የሀሰኖን ሱቅ አለፈ። ለበዓሉም ቅዳሴ ገባ፤ ደወሉ ሲደወል የእልፍነሽን እጅ ይዞ ቆመ። ግንቦት ላይ ድልድዩ ደረሰ። እዚያ የቆመው ወታደር «በየጠዋቱ እዚህ ምን ትላለህ?» ብሎ አፈጠጠበት። ተክሉ «እጸልያለሁ» አለ። «ለማን?» «ዛሬ ለአንተ።» ወታደሩ ሳቀበት። ከዚያ ሳቁን ተወና «እናቴንም ጨምርልኝ፣ ታማለች» አለው። ያን ቀን ማታ ተክሉ ጫማውን አውልቆ ተኛ።

ያልቆመበት በር አንድ ብቻ ነው፤ የኦቦ ደቻሳ። እሳቸው ግንቦት መጨረሻ ላይ ተፈቱ። ግራ እግራቸው ይጎተታል፤ ለምን እንደሚጎተት አልተናገሩም፣ ደፍሮ የጠየቃቸውም የለም። ሰፈሩ «እንኳን ለቤትዎ አበቃዎት» ሊል ሲሄድ ተክሉም ሄደ፤ ከሰው ኋላ ተሸጉጦ ተቀመጠ። ሽማግሌው ግን አዩት። «አካም ጂርታ፣ ተክሉ?» አሉት፣ እንደ ድሮው ደህንነቱን ሲጠይቁ። «እግዚአብሔር ይመስገን» አለ። እግራቸው ላይ ሊወድቅ ነበር የመጣው፤ ሳይወድቅ ወጣ። በማግስቱ በበራቸው ሲያልፍ እርምጃውን አፈጠነ። በሚቀጥለውም ቀን እንደዚሁ። ክረምቱ እንዲህ አለፈ። ዝም አይነቅዝም ይላሉ። ይነቅዛል፤ ተክሉን ከውስጥ ሲበላው ያየ ያውቃል።

በሁለት ሺህ ዘጠኝ መስከረም አገሩ ዳግመኛ ተናጠ። ፋብሪካ ተቃጠለ፣ መንገድ ተዘጋ፣ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ሰው መሰብሰብ አይችልም ተባለ። በጥቅምት መጀመሪያ የኦቦ ደቻሳ ልጅ ጂሬኛ ከዓለም ገና ከሥራ ሲመለስ ከየት እንደመጣች ባልታወቀች ጥይት ተመታ። ሃያ ሦስት ዓመቱ ነበር። ማምሻውን በአይሱዙ ጭነው አመጡት። አባትየው ሀሰኖን ጠርተው «ጡሩንባ የለም፣ ድንኳን የለም። ጧት ዘመድ ብቻ ሆነን እንቀብረዋለን። በእኔ ልጅ ምክንያት የሰው ልጅ አይጎዳም። ለተክሉም እንዳይነፋ ንገረው» አሉ።

ሀሰኖ መጥቶ ነገረው። ተክሉ ይህን ሲሰማ፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለውና፣ ደስ አለው። ዳነ። ማንም ምንም አይጠይቀውም።

ጎህ ሲቀድ ግን ቀኖናው ስለነበር ወጣ። በሩን፣ ጎረቤቱን፣ ሱቁን እያለ መጣ። የኦቦ ደቻሳ በር ጋ ሲደርስ እንደ ልማዱ ሊፈጥን ሲል አንድ ድምፅ ሰማ። ልቅሶ ነው እንዳይባል ልቅሶ አይደለም፤ የታፈነ ነገር ነው። በቆርቆሮው ክፍተት አየ። የጂሬኛ እናት አዴ ድንቅቱ ግድግዳውን ተደግፋ መሬት ላይ ተቀምጣለች፤ ጩኸቷ ሰው እንዳይሰበስብ ነጠላዋን ጠቅልላ አፏ ውስጥ ከትታዋለች። ትከሻዋ ብቻ ይርገፈገፋል።

ተክሉ ቆመ። አባታችን ሆይን ጀመረ፤ መሐሉ ላይ ጸሎቱ ተያዘበት። እናት በልጇ እንዳትጮኽ ያደረጋት ምን እንደሆነ ያውቀዋል፤ ፍርሃት ነው፣ እሱ ቤት ከገባ አንድ ዓመት ሊሞላው ነው። እማማ ደጊቱ ስማቸው ሳይጠራ ቀሩ፤ ያም በእሱ ነው። አሁን በጂሬኛም ሊደገም ነው። «ጌታዬ፣ አንተም ፈርተህ ሄደሃል» አለ ድምፁን ከፍ አድርጎ። ከዚያ ዞሮ ወደ ቤቱ ሄደ።

«ጡሩንባው የት ነው?»

እልፍነሽ ፊቱን አይታ ጆንያውን ፈታች። ጡሩንባውን አውጥታ በውስጡ የገባውን ገብስ አራገፈች፣ በቀሚሷ ጫፍ ጠረገችው። እሱ «አፌ ደርቋል» አላት። ውኃ ቀዳችለት፤ ጣሳውን ራሷ ይዛ አጠጣችው።

«ፈርተሃል?»

«በጣም።»

«እኔም» አለችና ነጠላዋን አጣፍታ አብራው ወጣች።

ጉብታው ላይ ደረሱ። ተክሉ ጡሩንባውን ወደ አፉ አስጠግቶ ነበር፤ አወረደው። መጀመሪያ ስሙን።

«የሰፈሬ ሰዎች! ጂሬኛ ደቻሳ አርፏል! የኦቦ ደቻሳና የአዴ ድንቅቱ ልጅ ጂሬኛ! ሌላ ነገር የለም፣ ሞት ነው! ቀብር ኪዳነ ምሕረት፣ በአራት ሰዓት!» አለ። ያንኑ በኦሮምኛ «ኢልሚ ኦቦ ደቻሳ፣ ጂሬኛ፣ ቦቆቴራ!» አለ። ከዚያ ነፋ። መጀመሪያ የወጣው አየርና አንድ የገብስ ፍሬ ነው። ሁለተኛው እናቷን ያጣች ጥጃ የምታሰማው ዓይነት ድምፅ ሆነ። በሦስተኛው ጡሩንባው የድሮ ድምፁን አገኘ። ትንፋሹንም አልቆጠበም፤ ቁልቁለቱን እየወረደ በየመታጠፊያው ቆመ፣ በየመታጠፊያው ስሙን አስቀድሞ ጠራ፣ ነፋ።

ከታች አዴ ድንቅቱ የልጇን ስም ሰማች። ነጠላዋን ከአፏ አወጣች። «ያ ኢልማ ኮ!»፣ ልጄን የሚለው ጩኸቷ ከጡሩንባው በላይ ተሰማ፤ የጎረቤቷ ሴት ተቀበለቻት፣ ከዚያም ሌላዋ። በሮች ይከፈቱ ጀመር። ሀሰኖ የከፈተውን ሱቅ መልሶ ዘግቶ የድንኳኑን ምሰሶ በትከሻው ይዞ መጣ። ዱላ የያዘ አንድም ሰው አልነበረም፤ ማን እንደሞተ ሁሉም አውቋል።

ቃሬዛው መንገድ ላይ አንድ ጊዜም አላረፈም። ለመሸከም የሚሻማው ትከሻ በዝቶ ነበር።

ሬሳው ጉድጓድ ሊገባ ሲል ፒካፕ መኪና መጥታ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ቆመች። ወታደሮች ወረዱ። አዛዡ ወደ ሕዝቡ መጥቶ «ማን ነው የጠራችሁ?» አለ። ፍታቱ ተቋረጠ። ኦቦ ደቻሳ ከልጃቸው ሬሳ አጠገብ ቀና ብለው ሊመልሱ አፋቸውን ሲከፍቱ ተክሉ ቀደማቸው። ጡሩንባውን እንደያዘ ከሰው መሐል ወጣ።

«እኔ ነኝ።»

«ማን ንፋ አለህ?»

ያችው ጥያቄ ናት። ከታኅሣሥ ጀምሮ በየሌሊቱ የምትመጣው።

«ማንም አላለኝም። ሊቀመንበሩ አትንፋ ብለው ልከውብኛል። እኔ ነኝ የነፋሁት። ሰው ሞቷል፣ ጂሬኛ ይባላል።»

አዛዡ ጡሩንባውን አየ፣ ጉድጓዱን አየ፣ ባዶ እጁን የቆመውን ሕዝብ አየ። «ቀብሩን ጨርሱ» አለ። «አንተ ስትጨርሱ ጣቢያ ትመጣለህ።»

ተክሉ አፈር አለበሰ። እንደ ጨረሰ ጡሩንባውን ለእልፍነሽ ሰጥቶ መንገድ ጀመረ። ከኋላው የሚጎተት እግር ሰማ። ኦቦ ደቻሳ ናቸው።

«ኦቦ ደቻሳ፣ ይመለሱ እንጂ። እርስዎ ሐዘንተኛ ነዎት፣ ድንኳን ነው የሚቀመጡት።»

«ሊቀመንበሩ እኔ ነኝ» አሉና አብረውት ሄዱ።

ጣቢያው ደጅ አንድ አግዳሚ ወንበር አለ። ሁለቱ ጎን ለጎን ተቀምጠው እስኪጠሩ ጠበቁ። ተክሉ ያን ጊዜ የፈራውን ያህል ፈርቷል፤ አሁን የሚፈራው ግን ውስጥ ያሉትን አልነበረም። ከወንበሩ ወርዶ እግራቸው ላይ ወደቀ።

«ያን ጊዜ ስምዎን የሰጠሁት እኔ ነኝ። ያሳሰርኩዎት እኔ ነኝ።»

ሽማግሌው ብብቱን ይዘው ወደ ወንበሩ መለሱት። «አውቃለሁ» አሉ። «የሰጠኸውን ቃል በገባሁበት ቀን አንብበውልኛል።»

«ታዲያ... ሲወጡ ለምን ዝም አሉኝ?»

«ተናድጄ ነበራ! አምስት ወር እዚያ ተናድጄ፣ ወጥቼም ተናድጄ።» እጃቸው ላይ ያለውን የልጃቸውን የመቃብር አፈር እያራገፉ ቆዩ። «ከወጣሁ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። ጎህ ሲቀድ በቆርቆሮው ቀዳዳ መንገዱን አያለሁ። አንተን አያለሁ። በየሰዉ በር ትቆማለህ፤ የእኔ በር ስትደርስ ትሮጣለህ። አንድ ቀን ይቆም ይሆናል፣ የሚቆም ቀን ይቅር እለዋለሁ አልኩ። ክረምቱን ሙሉ ጠበቅሁህ።»

ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉ።

«ዛሬ ቆምክ፣ ተክሉ።»

ከውስጥ የተክሉ ስም ተጠራ። ሁለቱም ተነሡ።